የኅዳር ሪፖርት 47 ሰከንድ ይፈጃል፤ ኢንዴክስ እያለ ለምን?

ታቦር ስር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ ለአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ሲስተም እከታተላለሁ። ኮዱን የጻፈው ሌላ ልጅ ነው። እሱ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ እኔ ተረከብኩ። ድርጅቱ በይርጋለም፣ በአለታ ወንዶና በበንሳ በኩል የእሸት ቡና መረከቢያ ጣቢያዎች አሉት። ገበሬው እሸቱን ያመጣል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። እያንዳንዷ ደረሰኝ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ ናት። አንዱ 12 ኪሎ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው 60። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚደግምም አለ። ስለዚህ በወቅቱ ረድፉ እንደ ጉድ ነው የሚከመረው። የግዢ ቴብሉ አሁን 1.8 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል።

ችግሬ ወርሃዊው ሪፖርት ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ኅዳር 2018» መርጣ ስትጫነው 47 ሰከንድ ትጠብቃለች። የክፍያ ቀን ሲሆን ደግሞ ሦስት ሰው በአንዴ ይጫነዋል። ያኔ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ጣቢያ ላይ ያለው መዝጋቢ ደረሰኝ ማተም ያቅተዋል፤ ገበሬው ሚዛኑ ጋ ተሰልፎ ይቆማል።

ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 8 ነው፣ ኮዱ የተጻፈው በላራቬል (የፒኤችፒ ማዕቀፍ) ነው። ሰርቨር የምንለው ቢሮ ጥግ ላይ የተቀመጠ 8 ጊጋ ራም ያለው ዴስክቶፕ ነው። ግራ የገባኝ ነገር፣ የግዢ ሰዓት የሚለው ኮለም ላይ ኢንዴክስ (ረድፉን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ የተደረደረ ማውጫ) አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ባለቤቱ «አዲስ ሰርቨር ልግዛ እንዴ?» ብለው መልስ እየጠበቁኝ ነው።

ፒያሳ ኔት

ራሙን 32 አድርገው፣ ኤስኤስዲ ግጠምለት፣ አለቀ ደቀቀ።

አሮጌ ዲስክ (አዳማ)

ቆይ እስቲ፣ የሰው ገንዘብ ከማስወጣታችን በፊት በሽታውን እንወቅ። ልጄ፣ ኩዌሪውን (ሪፖርቱ ዳታቤዙን የሚጠይቅበትን ትእዛዝ) እንዳለ ለጥፈው። ከዚያ ፊቱ ላይ ኤክስፕሌይን ጨምረህ አስኪደውና የሚሰጥህን አምጣ፤ ዳታቤዙ መልሱን በምን መንገድ እንደሚፈልግ ይነግረናል። ታይፕ፣ ፖሲብል ኪይስ፣ ኪይ፣ ሮውስ፣ ኤክስትራ። እነዚህን ካየሁ ይበቃኛል።

ታቦር ስር

እሺ ጋሼ። ትርፍ ትርፉን ሳወጣለት ኩዌሪው ይሄ ነው፣ ለእያንዳንዱ ገበሬ የወሩን ኪሎና ብር ይደምራል፦

ሴሌክት የገበሬ_መለያ፣ ሰም(ኪሎ)፣ ሰም(ኪሎ * ዋጋ)
ፍሮም ግዢ
ዌር የኢት_ዓመት(የግዢ_ሰዓት) = 2018
ኤንድ የኢት_ወር(የግዢ_ሰዓት) = 3
ግሩፕ ባይ የገበሬ_መለያ

የኢት_ዓመት እና የኢት_ወር የሚሉት የቀድሞው ልጅ ዳታቤዙ ውስጥ የጻፋቸው ስቶርድ ፋንክሽኖች ናቸው። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ይቀይራሉ።

ኤክስፕሌይኑ ያለው ደግሞ፦ ታይፕ ኦል። ፖሲብል ኪይስ ነል (ባዶ)። ኪይ ነል። ሮውስ 1,794,210። ኤክስትራ ላይ ዩዚንግ ዌር እና ዩዚንግ ቴምፖራሪ።

አሮጌ ዲስክ

በቃ፣ ተገኘ።

ታይፕ ላይ ኦል ካየህ ዳታቤዙ ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። ኪይ ላይ ነል ሲል አንድም ኢንዴክስ አልነካም። ፖሲብል ኪይስም ነል ነው፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል። «አይቼው ተውኩት» እንኳ አላለም። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ኢንዴክስ ጭራሽ አልታየውም። አንተ አለ ትላለህ፣ እውነትህን ነው።

ኢንዴክሱ ውስጥ የተደረደረው የግዢ ሰዓት ራሱ ነው፣ በፈረንጅ ቀን፣ ከቀዳሚው ወደ ኋለኛው። አንተ የጠየቅከው ግን ፋንክሽኑ ስለሚያወጣው ውጤት ነው። ያ ውጤት የትም አልተደረደረም። ደረሰኞች በፈረንጅ ቀን ተራ የገቡበት ክላሰር አለህ እንበል። አንዱ መጥቶ «የኅዳሮቹን አውጣልኝ፣ ግን እያንዳንዷን አስተርጓሚ ጋ ወስደህ ኅዳር መሆኗን አረጋግጥ» ቢልህ መደርደሩ ምን ይረባሃል? አንድ በአንድ እየመዘዝክ ትመላለሳለህ። ማይኤስኪውኤል ላይ ስቶርድ ፋንክሽን በየረድፉ መጥራት ራሱ ከባድ ነው። ሰከንዶችህን የበላው በዋናነት እሱ ነው። እሱ ደግሞ የፕሮሰሰር ሥራ ስለሆነ ኤስኤስዲ አያድንህም።

ጥያቄውን ገልብጠው። ረድፎቹን ተዋቸውና የወሩን ሁለት ጫፎች ብቻ ቀይር። ኅዳር 1 ቀን 2018 ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ነው። ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10 ላይ ይውላል። ስለዚህ ዌሩ እንዲህ ይሁን፦

የግዢ_ሰዓት >= '2025-11-10' ኤንድ የግዢ_ሰዓት < '2025-12-10'

አሁን ኮለሙ ምንም ሳይለብስ ቆመ። ኢንዴክሱ የኅዳርን መጀመሪያ ያገኛል፣ እስከ መጨረሻው ያነብባል፣ ያቆማል። ቢትዊን እንዳትጠቀም። ቢትዊን ብለህ መጨረሻውን ዲሴምበር 9 ካደረግክ፣ ሰዓት የያዘ ኮለም ላይ ዲሴምበር 9 ማለት የዚያ ቀን ዜሮ ሰዓት ማለት ነው። የኅዳር 30 ደረሰኝ በሙሉ ይቀርብሃል፣ ገበሬው ይጮኻል።

ሞክረውና ኤክስፕሌይኑን አምጣ። ታይፕ ሬንጅ ማለት አለበት፤ ከዚህ እስከዚያ ያለውን ብቻ አነበብኩ ማለቱ ነው።

ሰባተኛ ኮለም

ለምን እንዲህ ትደክማላችሁ? ማይኤስኪውኤል 8 እኮ ፋንክሽን ላይ ኢንዴክስ መሥራት ያስችላል። የኢት_ወር ላይ ኢንዴክስ ይፍጠርና ኩዌሪውን ሳይነካ ይገላገል።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ያ አይሄድም ወንድሜ። ከ8.0.13 ወዲህ ኤክስፕሬሽን ላይ ኢንዴክስ ይፈቀዳል፣ ልክ ነህ። ግን ከማይኤስኪውኤል ጋር አብረው ለመጡት ፋንክሽኖች ነው። ራስህ የጻፍከውን ስቶርድ ፋንክሽን አይቀበልም። በጀነሬትድ ኮለም (ከሌላ ኮለም እየተሰላ በሚሞላ) ልዙር ብትልም ያው ኤረር ነው።

እኔ የምሠራው በቀን መቁጠሪያ ቴብል ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፦ የፈረንጅ ቀን፣ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። የ20 ዓመቱን አንዴ ትሞላዋለህ፣ ተደምሮ ከ7,500 ረድፍ አይዘልም። ከዚያ «የ2018 ወር 3 ከመቼ እስከ መቼ ነው?» ብለህ እዚያ ትጠይቃለህ፣ ሁለት ቀን ይሰጥሃል፣ ጋሼ እንዳሉት ትጠቀምበታለህ። ጳጉሜም አታስቸግርህም፤ 5 ብትሆን 6 ቴብሉ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል ታቦር ስር። ኅዳር 1 ሁሌ ኖቬምበር 10 አይደለም። በ2016 ኖቬምበር 11 ላይ ነበር የዋለው፣ 2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረች። የ2019 ጳጉሜም 6 ስለምትሆን የ2020 ኅዳር 1 ኖቬምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል። ቀኑን ኮድ ውስጥ የቸከለ ሰው ያኔ ጉዱ ይፈላል። አንድ ቀን ስለሆነ ደግሞ ቶሎ አይታይም።

ሰባተኛ ኮለም

እሺ ተረታሁ፣ ስቶርድ ፋንክሽን መሆኑን አላስተዋልኩም። ግን ከቀን መቁጠሪያ ቴብል ይልቅ ግዢ ቴብሉ ላይ የኢትዮጵያ ዓመትና ወር የሚሉ ሁለት ተራ ኮለሞች ጨምሮ ሲመዘገብ መሙላት አይቀልም? ሁለቱ ላይ አንድ ኢንዴክስ፣ ጨዋታው አበቃ።

ሐይቅ ዳር

ይሠራል። እኔ አልወደውም። አንድ እውነት ሁለት ቦታ ይጻፋል። ነገ መዝጋቢው ተሳስቶ ቀን ሲያስተካክል አንዱ ይቀየራል፣ ሌላው ይቀራል። ከዚያ ሁለት ሪፖርት ሁለት ነገር ያወራል።

ሰባተኛ ኮለም

ትሪገር አለልሽ እኮ፣ አንዱ ሲቀየር ሌላውን ራሱ ያስተካክላል። እኛ ቤት እንደዚያ ነው፣ እስካሁን ሰላም ነን።

ታቦር ስር

የሁለታችሁንም አነበብኩ፣ አመሰግናለሁ። ለጊዜው በቀን መቁጠሪያ ቴብሉ ሄድኩ።

ውጤቱ፦ ታይፕ ሬንጅ። ኪይ ላይ ያ አይቼዋለሁ ያልኳችሁ ኢንዴክስ ስሙ ወጣ። ኩዌሪው 1.4 ሰከንድ! ጋሼ፣ ሐዋሳ ብቅ ሲሉ አሞራ ገደል የዓሣ ግብዣ አለብኝ።

ግን ገጹ አሁንም ወደ 8 ሰከንድ ይፈጃል። ኩዌሪው 1.4 ከሆነ ቀሪው የት ነው የሚገባው?

አሮጌ ዲስክ

ዓሣው ተመዝግቧል፣ ይቅርታ የለም።

የቀረውን ለሐይቅ ዳር እተዋለሁ። ላራቬል የእናንተ የልጆቹ ነገር ነው።

ሐይቅ ዳር

ላራቬል ዲባግባርን ጫንና ገጹ ስንት ኩዌሪ እንደሚልክ ቁጠር። እኔ ሳላየው እገምታለሁ፦ የገበሬው ስም ሪፖርቱ ላይ አለ አይደል? ለእያንዳንዱ ገበሬ ለየብቻ እየሄደ ስሙን እየጠየቀ ይሆናል።

ሌላ ጥያቄ፣ ሰዓቱ የሚቀመጠው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው? ላራቬል ካልነካኸው ዩቲሲ ነው።

ታቦር ስር

አንቺ ጠንቋይ ነሽ እንዴ? 3,912 ኩዌሪ። አንዱ ዋናው ነው፣ የቀረው በሙሉ «የዚህን ገበሬ ስም ስጠኝ»፣ «የዚያን ስጠኝ» ነው። እያንዳንዱ 2 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ለብቻው ሳየው ምንም ቀርፋፋ ነገር ያጣሁበት።

ሰዓቱም አዎ፣ ዩቲሲ ነው። ምን ያመጣል?

ሐይቅ ዳር

ስሙን ሞዴሉን ስትጠራ ዊዝ ብለህ አብረህ አምጣው። ያኔ 3,911ዱ ወደ አንድ ይወርዳል። መሥሪያ ማሽንህ ላይ ደግሞ ፕሪቬንት ሌዚ ሎዲንግ የሚለውን አብራው። እንዲህ ያለ ኮድ ሲጻፍ ገና ከጅምሩ ኤረር ይሰጥሃል።

ዩቲሲው እንዲህ ነው። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። የእኛ እኩለ ሌሊት ለዳታቤዝህ በፈረንጅ አቆጣጠር ገና የትናንቱ 21 ሰዓት ነው። እናንተ ጋ በወቅቱ ሌሊትም ትመዝናላችሁ አይደል? ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተቆረጠ ደረሰኝ በሙሉ ባለፈው ቀን ላይ እየተቆጠረ ነው። በወር መሀል ማንም አያየውም። ወር ሲገባ ግን የኅዳር 1 ሌሊት ጥቅምት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጫፎቹ ኖቬምበር 9 ከ21 ሰዓት እስከ ዲሴምበር 9 21 ሰዓት መሆን አለባቸው።

ኮለሙ ላይ ኮንቨርት ቲዚ (የሰዓት ዞን መቀየሪያውን ፋንክሽን) እንዳታለብሰው ደግሞ። እንደገና ወደ 47 ሰከንድህ መንገድ ትጀምራለህ።

ታቦር ስር

ሁለቱንም አደረግኩ። ገጹ ከ2 ሰከንድ በታች ገባ።

ግን የኅዳር ድምር ከድሮው ሪፖርት ጋር አልገጠመም። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ሲስተሙን አበላሸኸው» ብላ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ልዩነቱን አውጥተን ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። ሁሉም አለታ ወንዶ ጣቢያ፣ ሁሉም ሌሊት 7 እና 8 ሰዓት ላይ የተቆረጡ። በእስክሪብቶ መዝጋቢው ራሱ «ኅዳር 1» ብሎ ጽፎባቸዋል። ሲስተሙ ግን የጥቅምት 30 ብሎ ይዟቸው ኖሯል። የተዘጉትን ወራት እንዳሉ ትተን ከአሁን ወዲህ በአዲሱ እንድንሄድ ተስማማን።

አሮጌ ዲስክ

እንዲህ ነው ሥራ። የሒሳብ ሰው አስቀድመህ ሳትነግር ቁጥር አትንካ፣ በተለይ ከሳንቲም ጋር የተያያዘ።

1.4ቱን ለማውረድ ከፈለግክ አንድ እርምጃ ይቀርሃል። አሁን ያለው ኢንዴክስ የኅዳርን ረድፎች ያገኛል፣ ግን ኪሎና ዋጋ ለማየት ለእያንዳንዷ ወደ ዋናው ቴብል ይመለሳል። (የግዢ_ሰዓት፣ የገበሬ_መለያ፣ ኪሎ፣ ዋጋ) የሚል አንድ ኢንዴክስ ብትሠራ መመለስ አያስፈልገውም። ኤክስትራ ላይ ዩዚንግ ኢንዴክስ የሚል ይወጣል። የድሮው የሰዓት ኢንዴክስ ያኔ ትርፍ ስለሚሆን ታነሳዋለህ።

የአንድ ጣቢያ ብቻ ሪፖርት ካለህ ተራው ይለያል። በእኩል የሚጠየቀው ጣቢያው ይቀድማል፣ ከዚያ ሰዓቱ። ብትገለብጠው ኢንዴክሱ የወሩን የሁሉንም ጣቢያ ረድፎች ያነብና አብዛኛውን ይጥላል።

ይህን ሁሉ በክፍያ ቀን እንዳታደርገው። ኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር) ኢንዴክስ ሲሠራ መመዝገብ አይከለክልም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ሲጀምርም ሲጨርስም ለቅጽበት ቴብሉን ለብቻው ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት አንድ ረጅም ትራንዛክሽን ተከፍቶ ከተገኘ ኦልተሩ (ኢንዴክሱን የሚጨምረው ትእዛዝ) ይጠብቃል፣ ከኋላው የመጣ ሴሌክትና ኢንሰርት በሙሉ ደግሞ እሱን ይጠብቃል። ሚዛኑ ጋ የተሰለፈው ገበሬ ያንተን ኢንዴክስ ሲጠብቅ ይውላል ማለት ነው። ጣቢያዎቹ የሚዘጉበትን ሰዓት ምረጥ፣ መጀመሪያ ሾው ፕሮሰስሊስት በልና ማን እንዳለ እይ።

ፒያሳ ኔት

እንግዲያው ሁሉም ኮለም ላይ ኢንዴክስ አድርጎ አይገላገልም?

አሮጌ ዲስክ

አንድ ደረሰኝ በተመዘገበ ቁጥር እያንዳንዱ ኢንዴክስ ላይም ይጻፋል። ስምንት ኢንዴክስ ካለህ አንዷ ደረሰኝ ዘጠኝ ቦታ ትገባለች። የሚነበብ እንጂ የሚከማች ኢንዴክስ አይደለም የምንፈልገው። ሲስ የሚባለው ስኪማ ውስጥ ስኪማ አንዩዝድ ኢንዴክስስ የሚል ቪው አለ፣ ማንም ያልነካቸውን ያሳይሃል። የሚቆጥረው ሰርቨሩ ከተነሳ ወዲህ ያለውን ብቻ ነውና ትናንት መብራት ጠፍቶ ከነበረ ዛሬ አትመነው። ከማጥፋትህ በፊት ኢንቪዚብል አድርገው፣ ሳይጠፋ ለኩዌሪዎች ይሰወራል። የሚጮህ ሰው ከመጣ መልሰህ ትከፍተዋለህ።

ስለ ራም ያነሳኸው ግን ከንቱ አይደለም ፒያሳ። ተራው ነው የተሳሳተው። ታቦር ስር፣ ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሳይዝን (ዳታቤዙ መረጃ የሚይዝበትን የራም መጠን) እይ። ማንም ካልነካው 128 ሜጋ ነው። 8 ጊጋ ያለው ማሽን ላይ ዳታቤዙ በ128 ሜጋ እየኖረ ነው። ፒኤችፒውም እዚያው ስለሆነ 3 ጊጋ ስጠው። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም፣ እየሠራ ይቀየራል። ሴት ፐርሲስት ብለህ ቀይረው፣ ያለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ 128 ይመለሳል።

ስሎው ኩዌሪ ሎግንም አብራው። ሲጫን ዝግ ነው። ብታበራውም ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ነው የሚመዘግበው፣ ወደ 1 አውርደው። ቀጣዩን ችግር ከሒሳብ ሠራተኛዋ በፊት ታውቀዋለህ።

ታቦር ስር

ጣቢያዎቹ ከተዘጉ በኋላ ሠራሁት። በፈር ፑሉ 128 ነበር፣ እንዳሉት። አዲሱን ኢንዴክስ ስጨምር አንድ ሰው ሪፖርት ከፍቶ ትቶት ሄዷል፣ ፕሮሰስሊስቱ ላይ ተኝቶ አገኘሁትና አስወጣሁት። ኩዌሪው 0.2 ሰከንድ ሆነ።

ለባለቤቱም ነገርኳቸው። የሰርቨሩን ገንዘብ ለዩፒኤስና ለባክአፕ ዲስክ ይሁን አልኳቸው፣ እሺ ብለዋል። ባክአፕ የሚቀመጠው እስካሁን እዚያው ዴስክቶፕ ላይ ነበር።

ምሥራቅ በር (አዳማ)

ክሩን መጥለፍ አይሁንብኝና፣ የእኔም ተመሳሳይ ነው። የአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም፣ ማይኤስኪውኤል። በሽተኛ በስልክ ቁጥር ሲፈለግ ያቃስታል። ፋንክሽን የሚባል ነገር የለበትም፣ ኮለሙ ላይ ኢንዴክስ አለ፣ ኤክስፕሌይኑ ግን ኦል ይላል። ፖሲብል ኪይስ ላይ ኢንዴክሱ ተጠቅሷል፣ ኪይ ላይ ነል።

ሐይቅ ዳር

ስልኩ የተቀመጠው በቫርቻር (በጽሑፍ ዓይነት) ነው? ኮዱ ሲጠይቅስ ቁጥሩን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስገባዋል ወይስ ባዶውን?

ምሥራቅ በር

ቫርቻር ነው። ኮዱ ኢንት (ቁጥር) አድርጎ ነው የሚልከው። ግን ሰውየውን በትክክል ያገኘዋል፣ ስለዚህ ያ ችግር አልመሰለኝም።

ሐይቅ ዳር

ማግኘቱ ነው የሚያሳስተው። ጽሑፍ የሆነን ኮለም ከቁጥር ጋር ስታወዳድር ማይኤስኪውኤል የእያንዳንዱን ረድፍ ስልክ ወደ ቁጥር ይቀይራል። 0 የሚቀድመውም የማይቀድመውም እኩል ይሆናል፣ መልሱ ልክ ይመጣል። ኢንዴክሱ ግን በጽሑፍ ተራ ስለሆነ አይጠቅመውም። ያው የታቦር ስር በሽታ ነው፣ ፋንክሽኑን ማንም አልጻፈውም እንጂ። በጽሑፍ ላከው። ከዚያ በፊት ግን ኮለሙን አጽዳ፤ በ09 የጀመረ፣ በ+251 የጀመረ፣ 0 የጎደለው ተደባልቆ ከሆነ አንዱን መርጠህ ሁሉንም ወደዚያ አምጣ። ያለዚያ ፈጣን ይሆንና ግማሹን ሰው ያጣዋል።

ምሥራቅ በር

ሁሉንም በ09 አድርጌ ጥቅሱን ጨመርኩ። አሁን ኢንዴክሱን ተጠቀመ፦ ታይፕ ሬፍ፣ ሮውስ 3። ሦስቱም አንድ ቤት ናቸው፣ በእናትየው ስልክ የተመዘገቡ።